በውኃና በእሳት ተጋሪዎች ነን፦ ከመዲና ጓዳ እስከ ሐረማያ ሐይቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ባለፈው ረመዳን ከዐስር ሶላት በኋላ አንድ ወጣት ወንድማችን ጠጋ ብሎ እንዲህ ጠየቀን። «ኡስታዝ፣ የምንኖረው ስድስት ተከራይ ያለበት ግቢ ውስጥ ነው። የውኃውም የመብራቱም ቆጣሪ አንድ ነው፤ ወር ሲሞላ ሒሳቡን ለስድስት እኩል እንካፈላለን። እኛ ቤት ዕቃ የሚታጠበው በሳፋ ነው። አንደኛው ቤት ግን ቧንቧውን ለቀው ነው የሚያጥቡት፤ ምጣዱንም ለአራት እንጀራ ብለው ይሰኩታል። ይኼ ሐቃችንን መብላት አይደለም ወይ?»

ፈትዋ መስጠት የኛ ድርሻ አይደለም። ጥያቄውን ለሸኻችን አስተላለፍነው፤ የተናገሩትን ወደ መጨረሻው እናመጣዋለን። ነገሩ ግን ከአእምሯችን አልወጣም። ወንድማችን ሳያውቀው የጠየቀው ከ1400 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለውን ጥያቄ ነው፦ ጓዳ ውስጥ ያለው ውኃና እሳት የማን ነው?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሙስሊሞች በሦስት ነገሮች ተጋሪዎች እንደሆኑ አስተምረዋል፤ በውኃ፣ በግጦሽ ሣርና በእሳት። ሐዲሱን አቡ ዳውድና ኢብኑ ማጃህ ዘግበውታል። አገሩን አስቡት። በረሃ ነው። ጉድጓድ የያዘ ሰው የሰው ሕይወት ይዟል። መዲና ውስጥ ሩማ የሚባለው ጉድጓድ ውኃው በገንዘብ ይሸጥ ነበር፤ ዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ከራሳቸው ገንዘብ ገዝተው ሀብታሙም ድሃውም መንገደኛውም እንዲጠጣበት ለሙስሊሞች ሰጡት። ዑለማዎች ሐዲሱን ሲያብራሩ ወንዝና ዝናብ የሁሉም ነው፣ ሰው ደክሞ ቀድቶ ማድጋው ውስጥ ያስገባው ግን የራሱ ነው ይላሉ። እሳትም እንዲሁ ነው። ከነደደው እሳትህ ሊለኩስ የመጣን ሰው መከልከል አትችልም፤ እንጨቱ ግን ያንተው ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «የከፈልኩበት ውኃ ነው፣ ምን አገባህ» የሚል ሰው በፊቅህ ዓይን ሲታይ ግማሽ እውነት አለው። የከፈለው ለቀጂው፣ ለተሸካሚው፣ ለቧንቧውና ለፓምፑ ነው። ውኃው ራሱ ከመነሻው የጋራ ነበር፤ እሱ ቤት እስኪደርስም ድረስ የጋራ ሆኖ ነው የመጣው።

ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጓዳ እንግባ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ለእህታቸው ልጅ ለዑርዋ የነገሩትን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በሁለት ወር ውስጥ ሦስት ጨረቃ ታይቶ በረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ቤቶች እሳት የማይነድበት ጊዜ ነበር። ዑርዋ ታዲያ በምን ትኖሩ ነበር ቢሉ መልሱ ቴምርና ውኃ ሆነ፤ የአንሷር ጎረቤቶች ደግሞ የሚታለብ እንስሳ ስለነበራቸው ወተት ይልኩላቸው ነበር። ሐዲሱ ቡኻሪና ሙስሊም ውስጥ አለ።

ይህን ሐዲስ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ጀመዓውን ለማስለቀስ ነው። አልቅሰን ስናበቃ ለኢፍጣር ወደ ሳምቡሳው መጥበሻ እንሮጣለን። እኛ ግን ሌላም ነገር እናይበታለን። በዚያ ጓዳ ውስጥ እሳት መለኮስ በጨረቃ የሚቆጠር ነገር ነበር። ቤት የምታስተዳድረው እናት መቼ እንደለኮሰች፣ ስንት ቀን እንዳልለኮሰች ታውቅ ነበር። ከኛ መካከል ትናንት ማብሰያው ስንት ሰዓት እንደበራ የሚያውቅ ማነው?

እሳቱ ሲነድ ደግሞ ለአንድ ቤት ብቻ አይነድም። አቡ ዘር (ረ.ዐ) መረቅ በሠሩ ጊዜ ውኃውን ጨምረው ጎረቤታቸውን እንዲያስቡ ታዘዋል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። እሳቱ ያው አንድ ነው፣ ድስቱም አንድ ነው፣ የሚበላው ግን የሁለት ቤት ሰው ነው። ሌሊት ሲሆን ደግሞ ዕቃ እንዲከደን፣ የውኃው አቁማዳ አፉ እንዲታሰር፣ መብራት እንዲጠፋ ትዕዛዝ ነበር። የመብራቱ ምክንያት አብሮ ተነግሯል፤ አይጥ ክሩን ጎትታ ቤቱን ልታቃጥል ትችላለች። ኢማም ነወዊ እሳቱ የማያሰጋ ከሆነ፣ ለምሳሌ ተንጠልጥሎ የተቀመጠ መብራት ከሆነ፣ ክልከላው እንደማይመለከተው ገልጸዋል። እናቶቻችን ፍሙን በአመድ ዳፍነው ማደራቸውን የሚያነውር ሰው ካለ ይቺን ይያዝልን።

አሁን ወደ ልኬቱ እንምጣ፤ ትልቁ ቁም ነገር ያለው እዚህ ነው። አነስ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ውዱእ የሚያደርጉት በአንድ ሙድ፣ ገላቸውን የሚታጠቡት ከአንድ ሷዕ እስከ አምስት ሙድ በሆነ ውኃ ነበር። ሙድ ስንል እናንተ ከተማ ውስጥ «ሙድ ያዘብኝ» የምትሉትን አይደለም። መካከለኛ ሰው ሁለት እጁን አጣምሮ ሲያፍስ የሚይዘው ነው፤ በዛሬ መለኪያ ከግማሽ ሊትር ከፍ ብሎ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ገደማ ይሆናል። አራት ሙድ አንድ ሷዕ ነው። ሷዑ በየጓዳው ያለ የእህል መስፈሪያ ነበር። ገብሱ የሚሰፈረው፣ ዘካተል ፊጥር የሚወጣው በሱ ነው። ውኃና ቀለብ በአንድ መስፈሪያ ይለኩ ነበር ማለት ነው።

ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህን (ረ.ዐ) ሰዎች ስለ ጉስል ጠየቋቸው። አንድ ሷዕ ይበቃል አሉ። አንዱ ተነስቶ እኔን አይበቃኝም አለ። ጃቢርም ካንተ ይልቅ ጸጉሩ የበዛውን፣ ካንተ የሚበልጠውንም ሰው በቅቶታል ብለው ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) አስታወሱት። ሰውየው ዛሬ ቢመጣ ብዙ ደጋፊ ያገኝ ነበር።

ይህ ልኬት እንዴት ተጠብቆ እንደቆየ የሚናገረውን ታሪክ ከኪታብ ቤት ስንማረው ጀምሮ እንወደዋለን። የኢማሙ አቡ ሐኒፋ ትልቁ ተማሪ፣ የባግዳዱ ዋና ቃዲ አቡ ዩሱፍ (በ182 ዓ.ሂ. ያረፉት) ከኩፋ ዑለማዎች የተማሩት ሷዕ 8 ረጥል ነው። ሐጅ ሄደው መዲና ሲገቡ የመዲና ሰዎች ግን ሷዓችን ያነሰ ነው፣ ይህም የረሱሉ (ሰ.ዐ.ወ) ሷዕ ነው አሏቸው። አቡ ዩሱፍ ማስረጃችሁ ምንድነው ብለው ጠየቁ። ነገ እናመጣለን ተባለ።

በማግስቱ የሙሃጂሮችና የአንሷሮች ልጆች የሆኑ ሃምሳ የሚያህሉ አዛውንቶች መጡ። እያንዳንዳቸው ከካባቸው ሥር ሷዕ ይዘዋል። ኪታብ አልያዙም፤ የያዙት የጓዳ ዕቃ ነው። እያንዳንዱ ይህ ከአባቴ የደረሰኝ፣ ከቤተሰቤ የደረሰኝ የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሷዕ ነው አለ። አቡ ዩሱፍ ዕቃዎቹን አስተያዩ፤ ሁሉም እኩል ናቸው። ሰፈሩት፤ 5 ረጥል ከሲሶ ገደማ ሆነ። በዚያው ቀን የራሳቸውን ኢማም አቋም ትተው የመዲናን ሰዎች ያዙ። ታሪኩን በይሀቂ ዘግበውታል።

የሐዲስ ሰነድ ከአፍ ወደ አፍ ይተላለፋል። የሷዑ ሰነድ ግን የተላለፈው ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አንዲት እናት ለልጇ፣ ልጇም ለልጇ ያንኑ መስፈሪያ እያወረሱ፣ ሳይሰፍሩ ሳይቀዱ ቢሆን ኖሮ ቃዲው ምን ያዩ ነበር? አንድ ነገር ለኢማሙ ያለንን ክብር እንዳይቀንስ እንጨምር። አቡ ሐኒፋ የያዙት አገራቸው የሚያውቀውን መስፈሪያ ነው። ወሎ ውስጥ ሐነፊውም ሻፊዒዩም ጎን ለጎን ስለሚማር ይህ ወሬ ደረሳ ሲሰበሰብ ክርክር ያስነሳል፤ እኛ ግን አሁን ፊጥራ ላይ አይደለንም።

ነገሩ ወሬ ብቻ እንዳይሆን መስጂዳችን ውስጥ ሞከርነው። የ1 ሊትር ጠርሙስ ከውዱእ ቧንቧው ሥር አድርገን ሙሉ በሙሉ ከፈትነው። በ8 ሴኮንድ ሞላ። በዚህ ፍጥነት ሁለት ደቂቃ የፈጀ ውዱእ 15 ሊትር ይወስዳል፤ ከሃያ ሙድ በላይ ነው። የኢፍጣር ዕቃ የሚታጠብበትን ቧንቧ ለ10 ደቂቃ ሳይዘጉ ያጠቡ እንደሆነ 75 ሊትር፣ አራት የ20 ሊትር ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ሙከራውን ያደረግነው ሦስት ሰዎች ዝም ብለን ተያየን። ከኛ አንዱ «ይህን ከምንጭ ተሸክመህ አምጣው ብትባል በስንት ታጥብ ነበር?» አለ።

ደረሳ በነበርንበት ጊዜ ተሸክመን አምጥተናል። ከፈጅር በኋላ እንጨት ለቀማ፣ ከቂርኣት በኋላ ወንዝ ወርዶ ውኃ መቅዳት የኛ ሥራ ነበር። ከሸኹ ጓዳ አንድ ጣሳ ውኃ ያለ ምክንያት ሲደፋ የሚጮኸው የቀዳው ደረሳ ነው። ኢስራፍ ሐራም እንደሆነ በኪታብ ከመማራችን በፊት ትከሻችን ነግሮናል። የከተማ ቧንቧ ኒዕማ ነው፣ አልሐምዱሊላህ፤ እናቶቻችንን ከማድጋ ገላግሏል። ግን ትከሻውን ከፊታችን ሰውሮታል።

ሙስሊሞች ትልልቅ ከተሞች ሲቆረቁሩ ይህ ጥያቄ አብሯቸው አድጓል። የሃሩን አረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ለመካ ውኃ በቦይ ያስገቡበት ሥራ «ዐይን ዙበይዳ» እየተባለ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ታሪክ ጸሐፊዎች የሚያወሱት እንዲህ ያለውን ትልልቁን ነው። ጓዳውን ለማየት የምግብ አሠራር ኪታቦችን መግለጥ ይጠይቃል። ሙሐመድ ኢብኑል ሐሰን አልባግዳዲ በ1226 እ.ኤ.አ. ባዘጋጁት የወጥ ቤት ኪታብ መግቢያ ላይ ለአብሳዩ ስለ ድስትና ስለ እንጨት ምርጫ ምክር ይሰጣሉ፤ ደረቅና ጭሱ የማይከረፋ እንጨት ይመረጥ ይላሉ። በዚያ ዘመን ባግዳድ ውስጥ ከሚታወቁት ምግቦች መካከል ማታ ተኑር ውስጥ ገብተው፣ አፉ ተከድኖ፣ እሳቱ ካለቀ በኋላ በቀረው ሙቀት ብቻ ሲበስሉ የሚያድሩ ነበሩ። እንጨት የሚነደው ለዳቦው ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ስንዴና ሥጋውን የሚያበስለው የዳቦው ትራፊ ሙቀት ነው።

ሞሮኮዎች ይህን ከሁሉም በላይ ተክነውበታል። በድሮዎቹ የሞሮኮ ከተሞች ሰፈር ማለት መስጂድ፣ የውኃ መቅጃ፣ ሐማም እና የጋራ የዳቦ ምድጃ ያለበት ነው። እናት ሊጡን ቤቷ ታቦካለች፣ ልጁ በሰሌዳ ተሸክሞ ወደ ሰፈሩ ምድጃ ይወስደዋል፣ ጋጋሪው የማን እንደሆነ ለይቶ ያውቀዋል። በየቤቱ ምድጃ ከማንደድ ለሰፈሩ አንድ ይነዳል። ማራኬሽ ደግሞ «ታንጂያ» የሚሉት ምግብ አላቸው። ሥጋና ቅመም በሸክላ እንስራ ይከተትና አፉ ታስሮ የሐማሙን ውኃ ወደሚያሞቀው እቶን ይወሰዳል። እዚያ የእቶኑ ሠራተኛ ትኩስ አመድ ውስጥ ይቀብረዋል፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ በስሎ ይወጣል። ለሥጋው ተብሎ አንድ ጭራሮ አልነደደም። ሰዎች ለጁምዓ ትጥበት ያሞቁት ውኃ ምሳም ሠርቶላቸዋል።

እንዲህ ያለው ጥበብ የኛም አገር ነበረው፣ ስሙን ስለማንጠራው ነው እንጂ። ገጠር ያደጋችሁ «እሳት ልትጭር መጣች» ሲባል ትዝ ይላችኋል። የጎረቤት ልጅ ገል ወይም ኩበት ይዛ ትመጣለች፣ ፍም ይሰጣታል፣ እየሮጠች ትመለሳለች። ክብሪት አልተቃጠለም፣ እንጨትም አዲስ አልተጀመረም። የአቡ ዳውድን ሐዲስ ቁጥር የማያውቁ እናቶች ሐዲሱን በተግባር እየኖሩት ነበር ብንል አላጋነንንም። ቡናውንስ አያችሁት? ያው አንድ ጊዜ የተወቀጠ ቡና ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «በረካ» ይባላል። ባቄላና ሽምብራ ማታ ተነክሮ ያድራል፣ ጠዋት ግማሽ መንገድ ሄዷል። የእህል እጣቢ ለከብት ይሰጣል። ለድስት ክዳን መግጠም እንኳ ሙያ ነበር።

ከተማው ሲበዛ ግን ነገሩ ተገለበጠ። አዲስ አበባ ገና ሳትጠና የእንጦጦ ዙሪያ እንጨት አልቆ ምኒልክ ዋና ከተማውን ስለማዛወር እስከማሰብ ደርሰዋል። በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. የገባው ባሕር ዛፍ ነው ከተማዋን ያስቀራት። እሱም ቢሆን ከተራራው ወደ ምድጃው የወረደው በሴቶች ጀርባ ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ ሁለት ነገሮች ተሠሩ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ለእንጀራ የሚያስፈልገውን እንጨት በግማሽ ገደማ የሚቀንሰው፣ ከሲሚንቶና ከቀላል ድንጋይ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ፤ እና ከተለመደው የቆርቆሮ ከሰል ምድጃ ሩቡን ያህል ከሰል የሚቆጥበው ላቀች። ብዙ እናት ዓይኗ ከጭስ የዳነው በነዚህ ነው። ለጅሃድ ነፍስ ከሚቆጠሩ ሥራዎች መካከል አንዱ ይህ ይመስለናል፤ አላህ የሠሩትን ይመንዳቸው።

ከዚያ የኤሌክትሪክ ምጣድ መጣ። ይህን ዕቃ ደህና አድርጋችሁ እወቁት። ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይበላል፤ በቤታችን ውስጥ ከሱ የሚበልጥ በላተኛ ብዙም የለም። ከቀዝቃዛ ተነስቶ እስኪግል ብዙ ይወስዳል። ለአራት እንጀራ ሲሰካና ለሃያ እንጀራ ሲሰካ የማሞቂያው ዕዳ ያው አንድ ነው። የመጨረሻዎቹ እንጀራዎች ሲቀሩ ቢነቀል እንኳ ሸክላው በያዘው ሙቀት ይጋግራል፤ ባግዳዶች በተኑራቸው ያደረጉት እኮ ይኸው ነው።

ኤሌክትሪኩስ ከየት መጣ? ቆቃ ላይ አዋሽ ተገድቦ ኃይል ማመንጨት ከጀመረበት ከ1960 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ሕዳሴ ግድብ ድረስ የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውኃ የሚገኝ ነው። ከምጣዳችን ሥር የሚነደው እሳት ከላይ የወደቀ ውኃ ነው። ተጋሪ የሆንባቸው ሁለቱ ነገሮች ዛሬ አንድ ላይ ተጣብቀዋል። ይህን በደንብ የምታሳየን ሐረር ናት።

አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጀጎልን ባጠሩባት በዚህች ከተማ ውኃ ሁልጊዜ ብርቅ ነበር። ለብዙ ዓመታት ሐረር የምትጠጣው ከሐረማያ ሐይቅ ነበር፤ ሐረማያና አወዳይም እንዲሁ። በሐይቁ ዙሪያ ገበሬው በፓምፕ እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣል። ከተራቆተው ኮረብታ በየክረምቱ አፈር እየታጠበ ወደ ሐይቁ ይገባል። ከተሞቹ ያድጋሉ፣ ቧንቧው ይበዛል። ማንም ሐይቁን ሊያደርቅ አልተነሳም። ሁሉም የራሱን ነው የቀዳው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጀልባ ይሄድበት የነበረው ቦታ ከብት የሚግጥበት ሜዳ ሆነ።

ጥፋቱን ሁሉ ገበሬው ላይ ለመጣል እንቸኩላለን። ያን ጫት ግን የቃመው ማነው? ከተማ ተቀምጠን ሐይቁን በቅጠል መልክ ያላመጥነው እኛም አለንበት። ሐረር ተወልደው ያደጉ አንዲት እናታችን ስለዚያ ጊዜ ሲያወሩ ስለ ሐይቁ ብዙ አይሉም፤ የሚያወሩት ስለ በርሜል ነው። በተራ የሚመጣው ውኃ እስኪመጣ በርሜሉን በእንጨት እየለኩ፣ ይህ ለሩዝ፣ ይህ ለውዱእ፣ ይህ ለዕቃ እያሉ እንደሚከፍሉት። «ሩዝ ያጠብኩበትን ለሳህን፣ ሳህን ያለቀለቅኩበትን ለወለል» ይላሉ። የመዲና እናቶች ሙድና ሷዕ በፕላስቲክ ጆግ ተመልሶ መጥቶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሐረር የተገኘው ውኃ ከድሬዳዋ በኩል ካለው የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ድሬዳዋ ቆላ ናት፣ ሐረር ወይና ደጋ። ከፍታቸው ከ600 ሜትር በላይ ይለያያል። ስለዚህ ውኃው በኤሌክትሪክ እየተገፋ ተራራ ይወጣል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። 1,000 ሊትር ውኃ 600 ሜትር ሽቅብ ለማንሳት የፓምፑና የቧንቧው ብክነት ሳይቆጠር 1.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ያስፈልጋል፤ ምጣድ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሰክቶ መተው ማለት ነው። ሐረር ውስጥ ለስላሳ የሚፈሰው ቧንቧ መብራትም እየፈሰሰ ነው። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ ውኃው ተመልሶ መታየቱ ደስ አሰኝቶናል፣ አልሐምዱሊላህ፤ የዝናቡም የአፈር ጥበቃ ሥራውም ድርሻ አለበት። ፓምፖቹ ግን አሁንም እዚያው አካባቢ ናቸው።

ወደ ወንድማችን ግቢ እንመለስ። ሸኻችን ጥያቄውን ሰምተው መጀመሪያ ያሉት «እናንተ ቤትስ ምጣዱን ማን ነው የሚሰካው? አንተ ነህ?» ነበር። ልጁ አፈረ። ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው ቤተሰባቸውን ያገለግሉ ነበር ማለታቸውን አስታወሱትና ስለ ጓዳ የሚከራከር ሰው መጀመሪያ ጓዳ ይግባ አሉት። ቀጥለው ሒሳቡ በስምምነት እኩል የሚከፈል ከሆነ ትንሽ መበላለጥ ተጋሪዎች የሚተላለፉበት ነገር እንደሆነ፣ አውቆ ማባከን ግን የሌላውን ሐቅ መንካት እንደሆነ ነገሩት። በንግግር ፍቱት፣ በወሬ አትፍቱት ብለው ሸኙት።

ከኢድ በኋላ ተመልሶ መጣ። መጀመሪያ ያጣራው የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ነው፤ ሌሊት ከሥሩ ጆግ ሲያስቀምጥ ጠዋት ሞልቶ ፈስሶ አገኘው። ቧንቧው ያለው ከራሳቸው በር ፊት ነው። ጎማውን በጥቂት ብር ቀየረው። ምጣዱን ደግሞ ሦስት ቤቶች ተስማምተው ቅዳሜ ጠዋት በአንድ ምጣድ ተራ በተራ፣ ሳይቀዘቅዝ መጋገር ጀምረዋል። አንደኛዋ እናት የሌላዋን ሊጥ ስትጠብቅ ቡና ይፈላል፣ ወሬ ይወራል። «ኡሚ እንደ ድሮው እሳት መጫር ነው አለች» አለን እየሳቀ። ያኛው ቤት ምጣዱ ላይ ገብቷል። የሳፋው ነገር ግን ገና አልተቋጨም፤ አሁንም ቧንቧውን ለቀው ነው የሚያጥቡት።

ወላሁ አዕለም።